የጋሽ ይገዙ ተራ

ሰኔ ከገባ ጀምሮ ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ የማይስል ሰው ቢገኝ ወይ እንግዳ ነው ወይ ውሸታም። ታክሲ ውስጥ ይሳላል፣ ቅዳሴ ላይ ይሳላል፣ በየቸርቹም መዝሙሩ መሀል ላይ በሳል ይቆረጣል። "ጉንፋን ነው፣ ይለቃል" ይላል ሰዉ፤ ነጭ ሽንኩርት በማር ይልሳል፣ ጋቢ ላይ ጋቢ ይደርባል፣ ሦስት ቀን ይታገሣል። በአራተኛው ቀን ትንፋሹ ሲያጥረው ግን ቤተሰቡን አስከትሎ፣ ብርድ ልብስና ፔርሙዝ አሸክሞ፣ ከአየር ጤና ወደ ቤቴል በሚወስደው መንገድ ላይ ወዳለው ሆስፒታል ይመጣል። ደግሞ የሁሉም ሰው አራተኛ ቀን በአንድ ጠዋት የሚውል ይመስላል።

ሲስተር ዘመነች በዚያ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል አሥራ ስድስት ዓመት ሠርታለች፤ የዘንድሮን ያህል ግን አይታ አታውቅም። አሥራ አራት አልጋ ባለው ክፍል አርባ በሽተኛ ይተኛል። በአንድ አልጋ ሁለት፣ የቀረው ወንበር ላይ፣ ወንበር ያጣው ኮሪደር ላይ። በዚያ ላይ አስታማሚው አለ። የኛ ሰው መቼም ሆስፒታል ብቻውን አይመጣም፤ እናት አለች፣ እህት አለች፣ ጎረቤት አለ፣ "እኔስ ለምን እቀራለሁ" ብሎ የተከተለ የእድር አባል አለ። በሰኔ መጨረሻ አንድ ቀን ዘመነች ኦክስጅን እየጎተተች ጥግ ላይ ወዳለች አንዲት ሴትዮ ለመድረስ "እባካችሁ አሳልፉኝ" ስትል፣ ይህ ሲነሳ ያ ሲቀመጥ፣ ሴትዮዋ አልጠበቀቻትም። ዘመነች ስትናደድ ከሚያለቅሱት ሳይሆን ከሚሠሩት ወገን ናት። በማግስቱ ሁለት ሕግ ይዛ መጣች።

የመጀመሪያው ሕግ፣ አስታማሚ ከግቢው የሽቦ አጥር ውጭ ይጠብቃል፤ ግቢ የሚገባው በሽተኛና ሕፃን የያዘች እናት ብቻ ነው። ሁለተኛው የካርዱ ሕግ ነው። ባለቀለም ክላሰር ገዝታ፣ በገዛ መቀሷ ቆራርጣ፣ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ካርድ ሠራች። በሽተኛው ገና በሩ ላይ፣ በተወጠረ ሸራ ሥር፣ ትንፋሹና ትኩሳቱ ይለካል። ቀይ ከሆነ በቀጥታ ወደ ውስጥ። ቢጫ ከሆነ ኦክስጅን ያስፈልገዋል፤ ቦታ በተለቀቀ ቁጥር ዘበኛው ረሻድ "ቢጫ! ቀጣይ!" እያለ ያስገባዋል። አረንጓዴ ከሆነ ጉንፋን ነውና ግቢው ውስጥ በተተከለው ድንኳን ይቆያል፤ ጊዜ ሲገኝ ይታያል፣ ሽሮፑን ይዞ ይሄዳል።

ሠራ። እውነት ለመናገር በጣም ሠራ። በሳምንቱ የኮሪደሩ ወለል ታየ። ዳይሬክተሩ ሳይቀር ወርዶ አይቶ ራሱን እየነቀነቀ ተመለሰ። አንድ ነገር ብቻ፣ ወጣቱ ሐኪም ዶክተር ነገሬ ጠይቋት ነበር።

"ሲስተር፣ ካርዱ ላይ ስማቸው ቢጻፍበት አይሻልም?"

"ዶክተር፣ ስም ከነአባቱ ስጽፍ ሦስት ሰው ይወድቅብኛል። ስሙ መዝገቡ ላይ አለ። ካርዱ ቀለሙን ይናገር፣ ይበቃል።"

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላል ያገሬ ሰው። የፈሰሰው ሁሉ የሚለቀም ቢሆን ምን ነበረበት!

ያ ሐሙስ ዕለት ዝናቡ ከሌሊት ጀምሮ አላባራም ነበር። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ዘመነች ከስልሳ ሰው በላይ ከለካች በኋላ፣ ቡናማ ኮት የለበሱ ረዥም ሽማግሌ በሴት ልጃቸው ተደግፈው ሸራው ሥር ደረሱ። ማስካቸውን እስከ ዓይናቸው ሥር ስበው አጥልቀዋል። ያም ሆኖ ዘመነች በባርኔጣቸው አወቀቻቸው።

"ጋሽ ይገዙ!"

ጋሽ ይገዙን የማያውቅ የአየር ጤና ሰው የለም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፌርማታው ላይ ተራ አስከባሪ ነበሩ። ከወያላው ጋር ሲጨቃጨቁ፣ ጉልበተኛውን ከሰልፍ ሲያወጡ፣ ያ ሻካራ ድምፃቸው እስከ ጋራዦቹ ይሰማል። የሳቸው ሰልፍ የራሱ ሕግ ነበረው። ልጅ ያዘለች አትሰለፍም፣ ነፍሰ ጡር አትሰለፍም፣ ምርኩዝ የያዘ አይሰለፍም። ዘመነች ገና ተማሪ ሳለች ነጭ ጋዋኗን በክንዷ ይዛ ከሰልፉ ጭራ ስትቆም፣ ጋሽ ይገዙ ከፊት ሆነው ይጠሯት ነበር። "ነይ አንቺ ልጅ! በሽተኛ እየጠበቃት ነው፣ አሳልፏት!" ስንት ጠዋት በሳቸው ምርቃት ሥራ እንደገባች እሷና አምላክ ያውቃሉ።

"እንዴት ነዎት?" አለቻቸው።

"ተመስገን፣ ደህና ነኝ ልጄ። አንቺስ? ልጆች ደህና ናቸው? ይህ ሁሉ ሰው አላደከመሽም?"

"አትስሚው ሲስተር!" አለች ልጃቸው እሙ፣ በእንባና በቁጣ መሀል ሆና። "አምስት ቀኑ ነው። ሌሊት ተቀምጦ ነው የሚያድረው። ሲጠይቁት ደህና ነኝ ነው የሚለው፤ እየሞተም ደህና ነኝ ነው የሚለው። አትመኚው!"

ዘመነች የኦክስጅን መለኪያውን ጣታቸው ላይ ሰካች። ዘጠና። ትንፋሻቸውን ቆጠረች፣ ፈጣን ነው። መዝገቡ ላይ "ይገዙ፣ 68 ዓመት፣ 90፣ ቢጫ" ብላ ጻፈች። ካርዱን ሰጠቻቸው።

"ይህ ምንድን ነው ልጄ?"

ከኋላ አንድ ሰው እየጮኸ ነበር፣ አንድ ሕፃን እያለቀሰ ነበር፣ እጇ ቀጣዩን ጣት ይዟል። "ተራዎ ነው ጋሽ ይገዙ፤ እንዳይጥሉት" አለቻቸው።

ተራዎ ነው። ከዚያ በኋላ ይህችን ቃል ስንት ሌሊት እንዳመነዠከቻት! "በሽታዎ ነው" ብትላቸው ኖሮስ? በሽታውን ለሌላ የሚሰጥ ሰው የት ይገኛል?

እሙ ከአባቷ ጋር ልትገባ ስትል ዘመነች በክንዷ ከለከለቻት። "አንቺ ከአጥሩ ውጭ፣ እህቴ። ሕግ ነው።"

"ብቻውን?"

"እኔ አለሁ አይደል?"

እሙ አባቷን አየች፣ ሰልፉን አየች፣ የዘመነችን እጅ በሁለት እጇ ያዘች። "አደራ" አለች። "አደራሽን ሲስተር።" ከዚያ ወደ ሽቦው አጥር ሄደች። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ነው። ዘመነች በቀን ሃምሳ አደራ ትቀበላለች፤ ሃምሳ ጊዜም ትረሳለች፣ አለበለዚያ በእግሯ አትቆምም ነበር።

አምስት ሰዓት ሲሆን ግቢው ጢም አለ። የቢጫው ሰልፍ አሥራ ሰባት ደርሷል፣ ድንኳኑ ሞልቶ ሰው ዝናብ ላይ ፈሷል። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ጎረምሳ እናቱን አዝሎ በኃይል ልግባ አለ። ከኋላው ያለው "እኛስ ሰው አይደለንም?" ብሎ ገፋ፤ ገፊው ተገፋ። ረሻድ ቀና ብሎ መቆም አቃተው፣ ሸራው አዘነበለ፣ አንዲት ሴት ወደቀች። ዘመነች ጮኸች፤ ድምጿ ለራሷም አልተሰማትም። በቃ፣ ዛሬ ሰው ይረጋገጣል ብላ ዓይኗን ጨፈነች።

ያኔ ነው ያ ሻካራ ድምፅ የመጣው።

"ወገኖቼ! ኧረ ወገኖቼ! ሠላሳ ዓመት ሰው አሰልፌያለሁ፤ ተጋፍቶ ቀድሞ የደረሰ አንድም ሰው አላየሁም! በግፊያ የሚጠቀመው ኪስ አውላቂ ብቻ ነው!"

ከመሀል አንድ ሰው ሳቀ። ጋሽ ይገዙ ሸራው በታሰረበት ምሰሶ አንድ እጃቸውን ደግፈው፣ በሌላው አየሩን እየከፈሉ ቆመዋል። "አንድ ባንድ! ጠንካራ ጠንካራው ወደ ኋላ! ምርኩዝ የያዘ ወደ ፊት! አንተ፣ እናትህን ሲስተር ጋ አድርስ፣ ከዚያ ወጥተህ አጥሩ ጋ ቁም። አዎ አንተን ነው፣ ጎሽ!" ሰዉም አወቃቸው። "ጋሽ ይገዙ ናቸው እኮ" እየተባባለ፣ እንደ ተማሪ ቤት ልጅ፣ አንድ በአንድ ተሰለፈ።

ዘመነች ሄዳ ክንዳቸውን ያዘች። "ነፍሴን መለሱልኝ።"

"ምን አደረግሁ ልጄ፣ የለመድሁት ነው።"

"አልደከመዎትም?"

"ቁጭ ስል ነው ደረቴን የሚይዘኝ። ቆሜ ይሻለኛል።"

ይህን ሌላ ሰው ቢላት መለኪያዋን ይዛ ትሮጥ ነበር። ተኝቶ መተንፈስ፣ ተቀምጦ መተንፈስ ያቃተው ሰው ምን ማለት እንደሆነ ለተማሪዎች የምታስተምረው እሷ ናት። ግን ዓይኗ ከኮታቸው የደረት ኪስ ብቅ ያለውን የካርድ ጫፍ አየ። አረንጓዴ። እንግዲያው ቀላል ናቸው አለች በልቧ። ጠዋት የሰጠችው እጇ ከዚያ ወዲህ ሁለት መቶ ካርድ ሰጥቷል፤ ከራሷ ትዝታ ይልቅ ካርዱን አመነች። ካርዱን የሠራችው ለዚሁ አልነበር? ከንፈራቸውን ብታይ ያስታውሳት ነበር። ከንፈራቸው ግን ከማስኩ ሥር ነው።

"እንግዲያው ረሻድ ምሳ ቀምሶ እስኪመጣ ይያዙልኝ፣ ጋሽ ይገዙ" አለቻቸው። አዎ፣ ራሷ ናት የለመነቻቸው።

"ምን ችግር አለ" አሉ።

ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ያዙላት። እንደዚያ ዓይነት ሁለት ሰዓት ተኩል በዚያ ወር አልነበረም። ግፊያ የለ፣ ጩኸት የለ፤ በሽተኛው በመስመር ይመጣል፣ ይለካል፣ ይገባል። ዘመነች ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ውኃ ጠጣች። አንድ ጊዜ ቀና ስትል፣ እሙ በሽቦው ቀዳዳ ስልኳን አሾልካ አባቷን በቪዲዮ ስትቀርጽ አየቻት፤ ፊቷ በርቷል። ጋሽ ይገዙ እጃቸውን አውለበለቡላት። ዘመነችም ፈገግ አለች። ደስ የሚል ነገር ያየች መስሏት ነበር።

ስምንት ሰዓት አልፎ ድምፃቸው ቆመ። መጀመሪያ ማንም ልብ አላለም፤ ሰልፉ ስለለመደ ብቻውን ይሄድ ነበር። አንዲት አሮጊት ናቸው "ሲስተር፣ እኚያ ሰውዬ እንቅልፍ ወሰዳቸው መሰለኝ" ያሉት። ጋሽ ይገዙ ከግቢው ቧንቧ አጠገብ ባለው ድንጋይ ላይ፣ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ዘመነች ማስካቸውን ገለጠች። ከንፈራቸው ሰማያዊ ነው። መለኪያውን ሰካች፤ አምሳ ስምንት።

"ጋሽ ይገዙ! ጋሽ ይገዙ፣ ይሰሙኛል?"

ዓይናቸውን በግማሽ ከፈቱ። "ደህና ነኝ" አሉ።

መቼም ዘመነች ያኔ እንደጮኸችው ሰው አይጮህም። ተሸክመው አስገቧቸው፤ ሌላ በሽተኛ ወደ ወንበር ተዛውሮ አልጋ ተለቀቀላቸው፣ ኦክስጅኑ እስከ መጨረሻው ተከፈተ። ዶክተር ነገሬ አርባ ደቂቃ ያህል ከደረታቸው ላይ አልተነሳም፤ ላቡ ይንጠባጠብ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ሰዓቱን አየና እጁን አነሳ።

ኮታቸውን ስታጣጥፍ ካርዱ ወደቀ። አረንጓዴ። ዘመነች ከመሬት አነሳችው። ከዚያ ወጥታ መዝገቡን ገለጠች። በገዛ ጽሑፏ፦ ይገዙ፣ 68 ዓመት፣ 90፣ ቢጫ። ጣቷ መስመሩ ላይ ቀረ።

ቢጫውን ለማግኘት ሩቅ አልሄደችም። ኮሪደሩ ላይ፣ ወንበር ላይ፣ ሰልሳቢል የምትባል ወጣት እናት ቢጫ ካርድ በጣቶቿ መሀል ይዛ የስምንት ወር ልጇን ታቅፋ ሽሮፑ ትኩሳቱን እስኪያወርደው ትጠብቅ ነበር። ሕፃኑ ጡት እየጠባ እግሩን ያወራጫል።

"እህት፣ መጀመሪያ የተሰጠሽ ካርድ ምን ነበር?"

ሰልሳቢል ደነገጠች። "አረንጓዴ ነበር፣ ልዋሽሽ አልፈልግም። ድንኳኑ ውስጥ ልጄ አልቅሶ አልቅሶ ሲያስቸግረኝ አንድ አባት አዩኝ። እሳቸው ሊገቡ ተራቸው ደርሶ ነበር። 'ልጅ ያዘለች በኔ ሰልፍ ቆማ አታውቅም' አሉኝና ካርዳቸውን ሰጡኝ። ባዶ እጄን አልቀርም ብለው የኔን ወሰዱ። ዶክተሩ ልጁን አይቶ ጉንፋን ብቻ ነው አለኝ፣ አልሃምዱሊላህ።" ሕፃኑን ወደ ትከሻዋ አነሳችው። "ስወጣ ላመሰግናቸው እያሰብኩ ነው። የት ናቸው? አላየሻቸውም?"

ዘመነች ልትነግራት ነበር። ሕፃኑ ከእናቱ ትከሻ ላይ ሆኖ ያያታል። ይህችን ሴት ዕድሜ ልኳን ልጇን ባየች ቁጥር ሬሳ እንድታይ ማድረግ ለማን ይጠቅማል? ጥፋቱ የሷ አይደለም። የሳቸውም አይደለም፤ እሳቸው ሠላሳ ዓመት የሠሩትን ነው የሠሩት፣ ያንን ሲሠሩ ሰው ሁሉ መርቋቸዋል፣ ዘመነችም ሳትቀር።

"ገብተዋል" አለቻት። "አመሰግንልሻለሁ።"

ከዚያ እሙ ቀረች። ዶክተር ነገሬ "እኔ ልንገራት፣ ሲስተር" አላት፤ ደግ ልጅ ነው። "ዘግይተው ነው የመጡት፣ ሳንባቸው ተጎድቶ ነበር እንላለን። ውሸት አይደለም እኮ።" ውሸት አልነበረም። አምስት ቀን ቤት ተቀምጠዋል፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፣ ሰውም አምኖ ያልፈዋል። መዝገብ ላይም እንደዚያው ይጻፋል። አደራውን የተቀበለው ግን የዘመነች እጅ ነው። ጋዋኗን አስተካክላ ብቻዋን ወጣች።

ዝናቡ አባርቷል። እሙ በሽቦው ሥር፣ ጃንጥላዋን አጥፋ፣ ፔርሙዝ ይዛ ቆማለች። ዘመነችን ስታይ ፊቷ ፈካ።

"መጣሽልኝ! መንገድ ድረስ ሄጄ ስመለስ ከዓይኔ ጠፋ፣ አስገባችሁት አይደል? አጥሚት ከቤት አስመጣሁለት፣ ሳይቀዘቅዝ ስጪልኝ።" ፔርሙዙን በበሩ ክፍተት አቀበለቻት፤ ዘመነች ምን እንደምታደርግ ሳታውቅ ተቀበለች። ይሞቃል።

"ቆይ ቆይ፣ ይህን እይልኝ" አለች እሙ፣ ስልኳን ወደ ሽቦው አስጠግታ። ጋሽ ይገዙ ምሰሶውን ይዘው፣ "አንድ ባንድ!" ይላሉ፤ ሰው ይስቃል። "ለአክስቶቼ ሁሉ ላክሁላቸው። ትናንት እኮ ከአልጋው ሽንት ቤት መድረስ አቅቶት ነበር! ሰፈሩ በሙሉ ጉድ እያለ ነው። ምን ብትሰጡት ነው፣ ሲስተር?"

ዘመነች ሽቦውን ያዘች።

"ምንም አልሰጠናቸውም፣ እሙ።"

እሙ ገና ፈገግ እንዳለች ነበር። "እንዴት?"

"ቢጫ ነበሩ። ኦክስጅን ያስፈልጋቸው ነበር። ተራቸው ሲደርስ ልጅ ለያዘች እናት ሰጧት። እኔ አላየሁም። ሰልፉን ሲያስከብሩ ሳያቸው ደህና መሰሉኝ፤ እንደውም እንዲይዙልኝ ለመንኋቸው። ስጠይቃቸው..." ፔርሙዙን ወደ ደረቷ አስጠጋች። "ስጠይቃቸው ይሻለኛል አሉኝ። አመንኋቸው። አርፈዋል፣ እሙ። ጋሽ ይገዙ አርፈዋል።"

የእሙ ስልክ እጇ ላይ ነው፤ ቪዲዮው አልቆ ከመጀመሪያው ጀምሮ ጋሽ ይገዙ እንደገና "ወገኖቼ" ማለት ጀምረዋል። እሙ ከዘመነች ትከሻ በላይ ግቢውን አየች። ሰልፉ አባቷ እንዳቆመው ቀጥ ብሎ፣ ምርኩዝ የያዙት ከፊት፣ ጠንካራዎቹ ከኋላ፣ አንድ በአንድ ይሄዳል።

"ነግሬሽ ነበር እኮ" አለች፣ ለራሷ የምታወራ ያህል ቀስ ብላ። "እየሞተም ደህና ነኝ ነው የሚለው ብዬ ነግሬሽ ነበር።"

"ነግረሽኛል" አለች ዘመነች።